የጋሽ ለስላሳ የወፍ ቤቶች

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ለስላሳ» ይለዋል። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ ሰው ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ እየመሰለው ባዶ ጠርሙስ ይዞ በራችን ድረስ መጥቶ ያውቃል። አባቴ አናጢ ነው። ስሙን ያገኘው እንጨት አለስልሶ ስለማይጠግብ ነው። ጠረጴዛ ያዘዘ ሰው በቀጠሮው ሲመጣ ጠረጴዛው አልቆ፣ አባቴ ግን ከስሩ በጀርባው ተኝቶ የጠረጴዛውን ሆድ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ያገኘዋል። «ኧረ እዚያ ማን ያየዋል?» ሲሉት፣ «ጉልበትህ» ይላል። የመሳቢያ ጀርባ፣ የቁም ሳጥን ጣራ፣ የአልጋ ርብራብ ሳይቀር እኩል ይለሰልሳል። ወፍ ያወጣለት ስም ሆነና እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

እኔ ደግሞ ወፍ ቆጣሪ ነኝ። ሳቁ፤ ለምጄዋለሁ። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ዛፍ ስር ትቆምና ቀና ብላ ታያለች፤ ወሩ ሲያልቅ ደሞዝ ይሰጧታል» ትላለች። ውሸት ነው አልልም።

ቀና ብዬ የማያቸው ዛፎች ከባሕር ማዶ የመጡ ጥዶች ናቸው። ከከተማችን ዳር፣ ድሮ አገር በቀል ጫካ በነበረበት ቦታ፣ በገመድ ተለክተው በመስመር ተተክለዋል። ጫካው ሄደ፣ ወፎቹ ግን ቀሩ። የኔ ሥራ የአገሩ ወፍ በእንግዳ ዛፍ ላይ እንዴት አድርጎ ጎጆ እንደሚሠራ፣ ከጫጩቶቹስ ስንቱን ለክንፍ እንደሚያበቃ መከታተል ነው። አንዳንዶቹ አያስቸግሩም። እርግብ ለምሳሌ ሁለት ጭራሮ አነባብራ ቤት ሠራሁ የምትል ናት፤ ጥድም ይሁን የስልክ እንጨት ግድ የላትም። የሚያሳዝኑኝ ግንድ ውስጥ ባለ ሽንቁር የሚፈለፍሉት ናቸው። ሽንቁር እንዲኖር ዛፍ ማርጀት አለበት። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ፣ ውስጡ በስብሶ፣ ዝናብና ምስጥ ብዙ ዓመት ሊደክሙበት ይገባል። የኛ ጥድ ግን ሳያረጅ ይቆረጣል። ግንዱን ብትዞሩት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አታገኙበትም።

ከነዚህ ሁሉ የምወደው «ጥቁሬ» የምንላትን ትንሽ ወፍ ነው። ክንፏ ላይ ካለው ነጭ መስመር በቀር ከሰል ናት፤ እፍኝም አትሞላ። ጥቁሬ ቤት ስታጣ ያልሞከረችው የለም። አንዷ በግቢው በር የብረት ቧንቧ ውስጥ እንቁላሏን ጣለች፤ ብረቱን ፀሐይ ሲያግለው እንቁላሉ ተቀቀለ። ሌላዋ የዘበኛው የዝናብ ካፖርት ኪስ ውስጥ ገባች። ካፖርቱ ከጥበቃ ቤቱ ውጭ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘበኛው ጫጩቶቹ በርረው እስኪሄዱ ድረስ በዝናብ ጆንያ ደርቦ ዞረ። ለምን ሲሉት፣ «ካፖርቴን አከራይቼ ነው። ተከራይ ደግሞ በዝናብ አይባረርም» ይላል። ሰውዬውን ከዚያ ወዲህ እንደ ወንድሜ ነው የማየው።

ለአለቃዬ፣ ሳጥን ሠርተን በየጥዱ እንስቀልላቸው አልኩት። ከተራረፈው ጣውላ ፈቀደልኝ። የሳጥኑን ሥዕል ይዤ ወደ ቤት ስሄድ ግን የማስበው ስለ ወፍ ብቻ አልነበረም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ መላጊያውን ነክቶት አያውቅም። ሥራ ቤቱ እንደተቆለፈ ዓመት አለፈው። ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ያወልቃል። አይቆጣም፣ አያማርርም፣ የሰጡትን ይበላል። እኔና አክስቴ እንዳይከፋው ብለን ቤቱን አመቻቸንለት። የእናቴን ልብስ አክስቴ ጠቅልላ ወሰደችው። ፎቶዋን አነሳነው። ስሟ በቤቱ መጠራት ቀረ። ሳያውቅ የሚያነሳት እንግዳ ከመጣ አክስቴ በዓይኗ ትቆነጥጠዋለች፤ ያም ሰው ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ ያዞራል። ትክክል የሠራን መስሎን ነበር።

ሥዕሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ።

«የወፍ ቤት ነው። ጣውላውን በምስማር ገጣጥሜ ልሠራው ነው።»

«አንቺ?»

ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁ ውስጥ ንቀት ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም።

«በምስማር ብቻ? አንድ ዝናብ ሲመታው አፉን ይከፍትልሻል። በይ ቁልፉን አምጪ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እንደገና ሰጋቱራ ሰጋቱራ ሸተተ። አባቴ በጥያቄ ፋታ ነሳኝ። በሯ ምን ያህል ትስፋ? ክዳኑ ይከፈት ወይስ ይታሸግ? ድመት ይወጣል? ነፋሱ ከየት በኩል ይመጣል? ሁሉንም መለስኩለት። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኩትም፤ የጣውላው የውስጥ ገጽ መጋዝ እንደተወው ሻካራ ሆኖ መቅረት እንዳለበት። መናገር የሚያስፈልገውም አልመሰለኝም። የወፍ ቤት ውስጡን ማን ይልጋል? የማን ልጅ እንደሆንኩ ረስቼ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳጥኑን እቅፉ ውስጥ አድርጎ፣ እጁን በክዳኑ በኩል አስገብቶ ሲዳብስ አገኘሁት። ውስጡን ልጎታል፣ ፈትጎታል፣ ጭራሽ ሰም ቀብቶታል።

«ላባ ያልበቀለበት ገላ እኮ ነው» አለኝ። «ስንጥር ይወጋዋል።»

እኔ የወፍ አዋቂዋ፣ ምን ይጎዳል ብዬ፣ ግንባሩን ስሜ አለፍኩ።

ሳጥኖቹን ከዘበኛው ጋር ሰቀልናቸው። እሱ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች ሆኜ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያልኩ። ጥቁሬዎቹ ጊዜ አልፈጁም። አንዱን ሳጥን ሁለት ጥንዶች ተሻምተው ላባ እስኪበን ተደባደቡ። አባቴ ከበር ሳልገባ «ዛሬስ ምን አሉ?» ይለኛል። እንቁላል ጣሉ ስለው ሳህኑን ለሁለተኛ ጊዜ ይሞላል። ተፈለፈሉ ስለው በማግስቱ ሲያፏጭ ሰማሁት። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ልብስ መከመር ጀመርን፤ የሚቀመጥበት አልነበረማ።

ከዚያ አንዱ ሳጥን ጸጥ አለብኝ። መሰላሉን አስጠግቼ ከፈትኩት። ጫጩቶቹ ላባቸው ሞልቶ፣ ለመብረር ደርሰው፣ ወለሉ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። በሽታ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሌላው ሳጥን ጸጥ አለ። እዚያም እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ እጄን አስገብቼ ግድግዳውን ዳበስኩ። ጥፍሬ የሚይዘው አጣ፤ ከላይ እስከ ታች ተንሸራትቶ ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያረጀ ዛፍ ሽንቁር ውስጡ ሻካራ ነው። ጫጩቷ ስትደርስ እናቷ ምግቡን ይዛ ከውጭ ትጠራታለች፤ ጫጩቷም ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጥጣ ወደ በሩ ትወጣለች። የኛዎቹ ግን የሚቧጥጡት አልነበራቸውም። ዘለው ዘለው ደክመዋል። ጥዱ ስር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጫጩቶቹ ይሁን ለአባቴ፣ ለራሴም አልለየልኝም።

የቀሩት ሳጥኖች ውስጥ በዚያው ቀን የጥድ ቅርፊት እየሰነጠቅሁ አቆምኩባቸው። የነዚያ ጫጩቶች ወጡ። አባቴን ምን ልበለው የሚለው ግን አልወጣልኝም። አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

«እንዳትነግሪው!» አለች ሳልጨርስ። «ትነግሪውና መላጊያውን ይሰቅለዋል። ያን ጊዜ ከመስኮቱም አልፎ አልጋ ላይ ነው የሚውልልሽ።»

«አዳዲሶቹንስ ምን ላድርጋቸው፣ እትዬ? በየሳምንቱ እየሠራ ነው እኮ።»

«እጅ የለሽም? ቧጭሪዋ!»

ቧጨርኳ። አባቴ ያስረከበኝን ሳጥን ሁሉ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በትልቅ ምስማር ውስጡን እየሞዠቅሁ፣ ያን የመሰለ ሥራ አበላሸሁ። ዘበኛው አንድ ቀን ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሲያየኝ ቆየና፦

«እሱ ያለሰልሳል፣ አንቺ ትቧጭሪያለሽ» አለ። «ሁለታችሁም ቁጭ ብትሉ ሳጥኑ በራሱ ደህና ነበር።»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድኩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እህቴ። ሳይጠራብሽ ብትነግሪው ይሻላል።»

አልነገርኩትም። ማታ ማታ «ስንት ወጡ?» ይለኛል። «ሁሉም፣ አባዬ» እለዋለሁ። እሱም እጁን ያሻሽና የሚቀጥለውን ሳጥን ካለፈው ይበልጥ ያለሰልሳል። በኔ ቤት አባቴን ከመስኮቱ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ አስነስቼ ደግሞ በውሸት ደግፌ አቆምኩት።

አንድ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ የክት ኮቱን ለብሶ መጣ።

«ዛሬ ልጆቼን ላይ ነው።»

«የት ያሉትን ልጆች?»

«እነዚያን ወፎች ነዋ! ሌላ ልጅማ አንቺን ነው ያለኝ፤ አይቼሻለሁ።»

የሠራተኞቹ መኪና ላይ ከፊት ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥነው። እኔ ከኋላ ቆሜ እያሰብኩ ነው የሄድኩት። በበሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን አሳየዋለሁ፤ በደንብ የተቧጨረ ነው፤ ክዳኑ ግን እንዳይከፈት ወፏ ትደነግጣለች እለዋለሁ፤ ከዚያ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እንዲህ አድርጌ ጨርሼው ነበር።

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ተቀበለው። «እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ። የነዚህ ሁሉ ቤት አከራይ እርስዎ ኖት ማለት ነው?»

«አከራይ አይደለሁም። በነጻ ነው» አለ አባቴ፤ ደስ ብሎታል።

በበሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን አየ። አንገቱን አዘንብሎ ከግራ አየው፣ ከቀኝ አየው። ራሱን ነቀነቀ። ልመልሰው ክንዱን ስይዘው፣ ከውስጥ ከጥዶቹ መካከል የወፍ ጩኸት ተሰማ። ሳያቋርጥ፣ እየደጋገመ።

«ያቺስ ምን ሆና ነው?» አለና ወደዚያው አመራ።

ተከተልነው። አንዲት ጥቁሬ አፏ ላይ ትል ይዛ ሳጥን ፊት ለፊት ካለ ቅርንጫፍ ላይ ትነጥራለች። ትጠራለች፣ በሩ ድረስ በርራ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትጠራለች። ሳጥኑን አላወቅሁትም። ዘበኛውን አየሁት፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ጉንፋን ይዞሽ የተኛሽ ጊዜ አባትሽ በመኪናው የላኩት ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ከቧጨርሻቸው ጋር ተደባልቆብኝ፣ ሳልነግርሽ ሰቀልኩት።»

አባቴ ጆሮውን ከግንዱ ላይ ለጥፎ ነበር። ከላይ፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ዱብ ይላል። ትንሽ ይቆይና ደግሞ ዱብ።

«እየዘለሉ ነው» አለ። «ለምን አይወጡም? መሰላሉን አምጣው።»

«አባዬ፣ እኔ ልውጣ። ጉልበትህ አይችልም።»

«ዞር በይ።»

ወጣ። ዘበኛው መሰላሉን በሁለት እጁ፣ እኔ አባቴን በዓይኔ ይዘን ቆምን። ክዳኑን ከፍ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ እጁን አስገባ። ከታች ሆኜ ክንዱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ወደ ታች ሲመለስ ይታየኛል። ግድግዳውን እየዳበሰ ነው። ውስጥ ያለችው ጫጩት ዘለለች መሰለኝ፤ ዱብ ሲል ሁላችንም ሰማን። ክንዱ መንቀሳቀስ አቆመ። እጁን ሳያወጣ፣ እኛንም ሳያየን፣ እንደዚያው ብዙ ቆየ።

«ሻካራ ነገር ስጡኝ» አለ።

ዘበኛው ከአንድ የተቆረጠ ጥድ ላይ ቅርፊት ገሽልጦ አመጣ። አባቴ በጉልበቱ ላይ ሰብሮ ለካው፤ ከወለሉ ጀምሮ እስከ በሩ ሰያፍ አድርጎ አቆመው። ክዳኑን መልሶ ወረደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ እጄን ሰጠሁት፤ አልያዘኝም።

ራቅ ብለን የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ወፏ ተመልሳ መጣች። ትሏ አሁንም አፏ ላይ ናት። ጠራች። ከውስጥ የመቧጠጥ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ጥቁር ራስ በሩ ላይ ብቅ አለች። አባቴ ክንዴን ጨመደደኝ። ጫጩቷ ግማሽ ገላዋን አውጥታ፣ የረሳችው ዕቃ ያለ ይመስል ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ራሷን ለቀቀችው። እየተንገዳገደች በርራ ጎረቤት ጥድ ላይ ተለጠፈች። ሁለተኛዋ ብዙ አላመነታችም። ሦስተኛዋ እየተጨቃጨቀች ነው የወጣችው።

እኔ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

«የፊተኞቹስ?» አለኝ።

አክስቴ ያስተማረችኝ መልስ ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ ግን ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው።

«የሁለቱ ሳጥኖች ሞተዋል፣ አባዬ። ሁሉም። የሌሎቹን ደርሼላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖችህን ውስጣቸውን በምስማር እየቧጨርኩ ነው የምሰቅላቸው።»

እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። የዕድሜ ልክ ሥራ መዳፉን አደንድኖታል። አለቀ አልኩ በልቤ። ዛሬ ቤት ሲገባ ሥራ ቤቱን ይቆልፋል፣ ከወንበሩ ላይ ልብሱን አንስቼ መልሼ ቦታውን እለቅለታለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አያስነሳውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራውን እንዳትተወው ብዬ ነዋ። እንዳይከፋህ ብዬ።»

ዘበኛው መሰላሉን ማጣጠፍ ጀምሮ ድምፁ አስፈራው መሰለኝ፣ መልሶ አስደግፎ ተወው።

«እናትሽ ብትሆን ትነግረኝ ነበር» አለ አባቴ።

እሷን ከአፉ ስሰማ ደንግጬ ዞር ዞር አልኩ፤ አክስቴ ሰምታ የምትመጣ ይመስል።

«የምግብ ጠረጴዛችንን ሠርቼ ሳስገባላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? አዲስ ሙሽሮች ነበርን። አቅርባ ተቀመጠች፤ ሳህኑ ተንሸራቶ መጥቶ ጭኗ ላይ ተደፋ። ‘አንተ ሰውዬ’ አለችኝ፣ ‘የሠራኸው ለሰው ነው ወይስ ለዝንብ መንሸራተቻ?’ ሄዳ ጨርቅ አመጣችና አለበሰችው። አኮረፍኳት። ስንት ቀን አኮረፍኳት! ግን እውነቷን ነበር።»

ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።

«እናንተ ግን ከሞተች ወዲህ ቤቱን ሁሉ አለሰለሳችሁብኝ። ልብሷ የለም፣ ፎቶዋ የለም፣ ስሟን የሚጠራ የለም። ክፉ እንዳይነካኝ ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። እኔስ ስንጥር እንዳይወጋቸው ብዬ አይደል? ግን ምኑን ይዤ ልውጣ፣ ልጄ?»

ያፈንኩት ነገር በራሱ ወጣ።

«ናፈቀችኝ፣ አባዬ።»

«እኔንም» አለ።

ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን አለቀሰ፤ ከአንጀቱ፣ ኮቱን ሳያስብ፣ እንባውን ሳይጠርግ። እኔም ትከሻው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶን፣ ቀና ብሎ፣ የሌሉ ወፎች መቁጠር ጀመረ።

ብዙ ቆይቶ አባቴ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ትከሻው ወርዷል፣ እጆቹ ጉልበቶቹ መሃል ተንጠልጥለዋል። ያ የመስኮቱ አቀማመጥ ነው። አይዞህ ልለው፣ ሥራህ እኮ ውብ ነው ልለው፣ የማጽናኛ ቃል ሁሉ አፌ ላይ ተሰለፈ። አንድ በአንድ ዋጥኩት።

«ክዳኑም ውሃ ያስገባል» አልኩት።

ቀና አለ። በቀላ ዓይኑ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ሳጥኑን እየተቆጣ ብዙ አየው።

«በየት በኩል?» አለ።